ቀኝ እጅና ልሳን

ዳዊት እየደገመ ያደገ ሰው፣ ወደ ባቢሎን የተማረኩት ሰዎች ኢየሩሳሌምን ቢረሷት ይደርስባቸው ዘንድ በራሳቸው ላይ የጠሩትን ርግማን አይዘነጋውም፤ ይኸውም በግእዙ መዝሙረ ዳዊት በ136ኛው መዝሙር የሚገኘው፣ ቀኝ እጃቸው እንዲከዳቸው፣ ምላሳቸውም ከላንቃቸው ጋር እንዲጣበቅ የማሉት መሐላ ነው። እጅና ልሳን በአንድ መሐላ መጣመራቸው ስለ ምን ነው ቢባል፣ መዝሙረኛ በገናውን የሚደረድረው በእጁ፣ የሚያዜመውም በልሳኑ ነውና ሁለቱን ያጣ እንደ ሆነ መዝሙረኛነቱ ይቀራል ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። በዚህ ዘመን ያለ ሐኪም ግን ያን መሐላ ባነበበ ጊዜ የሚያስበው ሌላ ነው። የሰው አንጎል በግራና በቀኝ የተከፈለ ሆኖ፣ ግራው ክፍል ቀኝ እጅንና ቀኝ እግርን ሲገዛ፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ የንግግርም ሥልጣን የተሰጠው ለዚሁ ለግራው ክፍል ስለ ሆነ፣ ወደዚያ የሚሄደው ደም ድንገት ቢቋረጥ ቀኝ እጅ ይከዳል፣ ልሳንም ይታሰራል፤ ሁለቱም በአንዲት ደቂቃ ይደርሳሉ። በመሐላ የተጠራው ርግማን፣ ማንም ሳይጠራው በየዕለቱ በየአገሩ በሰው ላይ የሚወርድ ደዌ ነው።

ይህን ደዌ የዘመኑ ሰው ስትሮክ ይለዋል። ቀድሞ የነበረው ስሙ ግን አንድ ብቻ አልነበረም፤ አፉ የተጣመመውን ሰው ያየ «ምች መታው» ይላል፤ ግማሽ ጎኑ የዛለበትን ያየ «ልክፍት ነው» ወይም «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ ከቆመበት ወድቆ የቀረውን ያየ ደግሞ «ደም ግፊት ጣለው» ብሎ ያልፋል። የስም መብዛት በራሱ ጉዳት ባልሆነ ነበር፤ ነገር ግን ስሙ በተለወጠ ቍጥር መድኃኒቱም ስለሚለወጥ፣ ለምቹ ዳማከሴ፣ ለዓይኑ ክታብ ሲፈለግ፣ የበሽተኛው ትልቁ ሀብት፣ ማለትም ጊዜው፣ በመካከሉ ያልቅበታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው፣ ይህ ደዌ በመጣ ጊዜ በደቂቃ የሚቈጠር፣ ከመምጣቱ በፊት ግን በዓመታት የሚሰናዳ መሆኑን ነው፤ ስለዚህም ድንገተኛ ይባላል እንጂ በእውነቱ ድንገተኛ አይደለም።

ለታሪካችንም እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. በግንቦት ወር የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ማድረጋቸውን ለሕዝብ ካስታወቁ በኋላ፣ አስቀድሞ ደጋግሞ የነካቸው ሕመም በ1902 ዓ.ም. በጥቅምት በርትቶ መጣባቸውና አካላቸውን አሰረ፣ ንግግራቸውንም ከለከለ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉበት ዕለት ድረስም አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ቆዩ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ «መርዝ ነው» የሚል ወሬ ቢናፈስም፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ለሕመማቸው የሚሰጡት ስም ስትሮክ ነው። በዓድዋ ሠራዊት ያሰለፈ፣ ስልክንና ባቡርን ወደ አገሩ እንዲገባ ያዘዘ ልሳን፣ በአንጎል ውስጥ ባለች ቀጭን የደም ሥር መታወክ ዝም ሲል፣ መንግሥቱ ለስንት ዓመት በማን ትእዛዝ እንደሚሄድ ሳይለይለት መኖሩን ላስተዋለ፣ የአንድ ሰው ሕመም በቤቱና በሕዝቡ ላይ የሚያመጣው መናወጥ ይገባዋል።

አሁን ወደ ደዌው ባሕርይ እንግባ። አንጎል በክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ ከመላው ሰውነት ከመቶ 2 እጅ ብቻ የሆነ ክፍል ሲሆን፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል፤ ይህን ያህል የሚበላ ሆኖ ሳለ ግን፣ እንደ ጉበትና እንደ ጡንቻ ስንቁን የሚያኖርበት ጎተራ ስለሌለው፣ ከደም የሚቀበለውን በየቅጽበቱ ካላገኘ ወዲያው ይራባል። ሊቃውንት አስልተው እንደ ደረሱበት፣ ትልቅ የደም ሥር የተደፈነበት ሰው ሕክምና ሳያገኝ የሚያሳልፋት እያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳትን ትፈጃለች። እ.ኤ.አ. በ1658 ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር የተባለው የስዊዘርላንድ ሐኪም በዚህ ደዌ የሞቱ ሰዎችን ሬሳ ከፍቶ በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ማግኘቱን እስኪያስረዳ ድረስ፣ ነገሩ ከደም ሥር የመጣ መሆኑ አልተገለጠም ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው፤ አንደኛው የደም ሥሩ በረጋ ደም ወይም በተከማቸ ስብ የሚደፈንበት፣ ሁለተኛው ሥሩ ፈንድቶ ደም በአንጎል ላይ የሚፈስበት ነው። ቦዩ በደለል ሲደፈን ማሳው እንዲደርቅ፣ ግድቡ ሲፈርስም ማሳው እንዲጥለቀለቅ፣ ሁለቱም የሚያጠፉት ያንኑ አዝመራ ነው። በቍጥር የሚበዛው የመደፈኑ ዓይነት ቢሆንም፣ የደም ግፊት ሳይታከም በሚቀርባቸው እንደ እኛ ባሉ የአፍሪካ አገሮች የመፍሰሱ ድርሻ ከአውሮፓው ከፍ ያለ ነው።

እስቲ በብዙ ቤት የሚሆነውን በአንድ ቤት እንመልከት። እሑድ ረፋድ ላይ እናት ከቅዳሴ ተመልሰው ከረከቦታቸው ፊት ተቀምጠዋል። አቦሉን ሲቀዱ ጀበናው በእጃቸው ላይ ከበደ፤ ቡናው ከሲኒው አልፎ በረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። ልጃቸው «እማዬ፣ ምነው?» ብትላቸው፣ ሊመልሱ የጀመሩት ቃል ተቈላልፎ አልወጣ አላቸው፤ ፈገግ ብለው ሊያረጋጓት ቢሞክሩም አንደኛው የከንፈራቸው ጠርዝ ሲነሣ ሌላው ባለበት ቀረ። ሰዓቱ ከረፋዱ 4 ሰዓት ነበር። ጎረቤት ተጠራ፤ አንዷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ወረደች፤ ሌላዋ «ቆመው ሲያስቀድሱ ደክሟቸው ነው፣ ጋደም ይበሉ» አለች፤ አንድ ሽማግሌም «ግፊታቸው ይሆናል፣ ነጭ ሽንኩርት ያኝኩ» አሉ። ከመካከላቸው ክፉ ያሰበ አንድም የለም፤ ሁሉም የሚችለውን አደረገ። ነገር ግን በሽተኛዋ ከእንቅልፍ ነቅተው ጎናቸው ጨርሶ አልንቀሳቀስ ባለ ጊዜ መኪና ተጠርቶ ከሆስፒታል ሲደርሱ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። ይህን ሰዓት አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያ ቤት የታዩት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም የእጁ መክበድ፣ የቃሉ መቈላለፍና የከንፈሩ መውደቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር ለአምቡላንስ ሠራተኞች ተሰናድቶ በኋላ በዓለም ከተሠራጨው አጭር መፈተኛ ጋር አንድ ናቸው፤ እኛም በቋንቋችን ፊት፣ ክንድ፣ ልሳን፣ ሰዓት ብለን ልንይዘው እንችላለን። ስለ ፊት፣ በሽተኛው ጥርሱን እንዲያሳይ ወይም ፈገግ እንዲል ይጠየቅ፤ አንዱ ጎን ከወደቀ ምልክት ነው። ስለ ክንድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ክንዶቹን ወደ ፊት አንሥቶ እስከ 10 እስኪቈጠር ይያዛቸው፤ አንደኛው ቀስ እያለ ከወረደ ምልክት ነው። ስለ ልሳን፣ «ዛሬ ዕለቱ እሑድ ነው» እንደሚል ያለ አጭር ቃል ተነግሮት ይድገመው፤ ቢኰላተፍ፣ የማይገናኝ ቃል ቢመልስ ወይም የተባለው ባይገባው ምልክት ነው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢገኝ ይበቃል፤ ሦስቱ እስኪሟሉ መጠበቅ አይገባም። አራተኛው፣ ሰዓት፣ ምልክት ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ሕመሙ የጀመረበትን፣ ወይም በሽተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት መዝግቦ ወዲያው መነሣት ነው። ከእነዚህም በላይ የአንድ ወይም የሁለት ዓይን ብርሃን ድንገት መጥፋት፣ ሚዛን ስቶ መንገዳገድ፣ ከዚህ ቀደም ያልታየ ብርቱ ራስ ምታት በቅጽበት መነሣት የዚሁ ደዌ መልእክተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ የፊትን ነርቭ ብቻ ይዞ አፍን የሚያጣምም፣ አንጎልን ግን የማይነካ ሌላ ሕመም አለ፤ ሁለቱን መለየት ግን የሐኪም ሥራ እንጂ የጎረቤት ሥራ አይደለም።

ይልቁንም ሰውን የሚያታልለው፣ ምልክቱ ታይቶ ሲጠፋ ነው። እጁ ለሩብ ሰዓት ዝሎ፣ ንግግሩም ተሳስሮ፣ ከዚያ ሁሉም እንደ ነበረ የተመለሰለት ሰው «ተመስገን፣ አለፈልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ምስጋናው የሚገባ ነው፤ ወደ ሥራ መሄዱ ግን ስሕተት ነው። ለጥቂት ጊዜ ተደፍኖ የተከፈተው የደም ሥር ተመልሶ ሊደፈን ስለሚችል፣ ይህ ዓይነቱ ምልክት ከታየባቸው ሰዎች ብዙዎች በሚከተሉት ቀኖችና ሳምንቶች ዋናው ስትሮክ ያገኛቸዋል። ይህን ማስጠንቀቂያ ላለመናቅ፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል።

ምልክቱን ያየ ሰው ምን ያድርግ? በአዲስ አበባና የቀይ መስቀል አምቡላንስ በሚገኝባቸው ከተሞች ያለ 907 ይደውል፤ በአሜሪካ ያለ ወገናችን 911፣ በእስራኤል ያለ 101፣ በአውሮፓ ያለ 112፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ያለ 997 ይደውል፤ አምቡላንስ የሚዘገይበት እንደ ሆነም በተገኘው መኪና ይሂድ። እስከዚያው በሽተኛውን በጎኑ አስተኝቶ የአንገቱን ልብስ ማላላት፣ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ መጠበቅ ይገባል። ውኃም ቢሆን፣ ማርም ቢሆን፣ ሎሚም ቢሆን በአፉ አይሰጠው፤ የመዋጥ ኃይሉ ታውኮ ከሆነ ወደ ሳምባው ይወርዳልና። አስፕሪን ይረዳል ሲባል የሰማ ሰውም በቤት አይስጠው፤ የደም ሥሩ ተደፍኖ ሳይሆን ደም ፈስሶ እንደ ሆነ፣ አስፕሪን መድማቱን ያባብሳል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ግን ከነማሸጊያቸው ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው። ጠበልን በሚመለከት፣ እምነት ያለው ሰው ጠበሉን እንዲተው የሚመክር የለም፤ ነገር ግን መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተማረን፣ ወንጌላዊው ሉቃስም ራሱ ባለመድኃኒት የነበረ ሆኖ ሳለ፣ ጠበልንና ሐኪምን እንደ ባላንጣ ማየት ከትምህርቱ ውጭ ነው። በዚህ ደዌ ጊዜ ቅድሚያው የሆስፒታሉ ነው፤ ጠበሉ ቢቈይ ኃይሉ አይቀንስም፤ አንጎል ግን ቢቈይ ይሞታል።

ከሆስፒታል ሲደረስ የመጀመሪያው ጥያቄ ተደፍኖ ነው ወይስ ፈስሶ የሚለው ነው፤ የዚህም መልስ የሚገኘው በሲቲ ስካን ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሊጠቅም የሚችለው ምልክቱ ከታየ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ ትልቁን የተደፈነ ሥር በቀጭን ቱቦ ገብቶ የመክፈቱም ሥራ፣ ለአንዳንድ የተመረጡ በሽተኞች እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቢፈቀድም፣ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሠምራል። አንባቢ የያዘውን ሰዓት አሁን ያስታውስ፤ በ4 ሰዓት ቡናቸው የፈሰሰባቸው እናት እስከ 8 ሰዓት ተኩል መድረስ ሲገባቸው የደረሱት በ9 ሰዓት ነው። እነዚህ ሕክምናዎች በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ገና የማይገኙ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን «መድኃኒቱ ከሌለ መቸኮሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ተሳስቷል። የደም ግፊቱን በልክ መያዝ፣ ስኳሩንና ትኵሳቱን መቈጣጠር፣ መዋጥ መቻሉን ሳይፈትኑ አለማብላት፣ በጊዜው እያገላበጡ ከአልጋ ቁስል መጠበቅ፣ በቶሎ ማንቀሳቀስ፣ ተራ የሚመስሉ ሆነው ሳለ ብዙ ነፍስ የሚያተርፉ ሥራዎች ናቸው።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ደቂቃው ነው፤ ስለ ዓመታቱ ደግሞ እንናገር። በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በስትሮክ ይያዛሉ፤ ዕድሜው ከ25 ዓመት ካለፈ ሰው ከ4ቱ አንዱ በሕይወት ዘመኑ እንደሚያገኘው ይገመታል። ይህ ቍጥር ተስፋ የሚያስቈርጥ ቢመስልም፣ በ32 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ኢንተርስትሮክ የተባለው ጥናት፣ ከ10 ስትሮክ 9ኙ ያህል ሊለወጡ ከሚችሉ 10 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። የእነዚህም ሁሉ አለቃ የደም ግፊት ነው።

የደም ግፊት ክፋቱ ዝምታው ነው፤ አያስነጥስም፣ አያስልም፣ ብዙ ጊዜም ራስ አያሳምምም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 በተመረመሩ ጊዜ ግፊታቸው 186 በ108 ነበር፤ የዚያ ዘመን ሐኪሞች ግን ይህን የሚያወርድ ሁነኛ መድኃኒት አልነበራቸውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በየካቲት 1945 በግብፅ ውኃ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ተገናኝተው ካነጋገሯቸው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን ሩዝቬልት «ራሴን አመመኝ» ብለው ከወንበራቸው ላይ ተዝለፈለፉ፤ ሐኪማቸው የለካውም ግፊት 300 በ190 ነበር፤ በዚያው ዕለት በአንጎላቸው ውስጥ በፈሰሰው ደም ሞቱ። በዘመናቸው እጅግ ኃያል የነበሩት ሰው ያላገኙት መድኃኒት፣ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚታዘዝ ተራ ክኒን ሆኗል።

ሆኖም መድኃኒቱ መኖሩ ብቻ አልበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ካወቁትም ውስጥ ክኒኑን ለአንድ ወር ውጠው፣ ግፊታቸው ሲወርድ «ድኛለሁ» ብለው የሚተዉ ብዙዎች ናቸው፤ የወረደው በክኒኑ ኃይል መሆኑን፣ ክኒኑ ሲቀርም ተመልሶ እንደሚወጣ የነገራቸው የለም። በጾም ወራትም መድኃኒት ጾሜን ያፈርስብኛል ብሎ የሚያቋርጥ አለ፤ ለእንዲህ ያለው፣ በረመዳን ለሚጾመውም ጭምር፣ የሚበጀው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማመቻቸት፣ ሕሊናውንም ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ማሳረፍ ነው። የላይኛውን ግፊት 10 ነጥብ ማውረድ ብቻ የስትሮክን አደጋ በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል። ደጋግሞ ሲለካ ከ140 በ90 የማይወርድ ግፊት ዝም የሚባል አይደለም።

ከማድ ቤት የሚጀመረው ሥራ ጨው ነው። ለአንድ ሰው ለቀን የሚበቃው ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ሲሆን፣ እኛ ግን በበርበሬው ውስጥ አለ፣ በሽሮው ውስጥ አለ፣ በወጡ ላይ ይጨመራል፣ ደግሞም በገበታ ላይ ይነሰነሳል፤ እንዲህ ሆኖ ከየት ስንት እንደ ገባ የሚቈጥረው የለም። የጾም ምግባችን ምስሩም፣ ሽምብራውም፣ ጎመኑም ለደም ሥር የሚስማማ ነው፤ በዘይት ሲዋኝ ግን በረከቱ ይቀንሳል። ትምባሆ ጨርሶ ይቅር። ጫትም በሚቃምበት ሰዓት የልብን ምት የሚያፈጥን፣ የደምን ግፊትም የሚያነሣ ነው። ስካርም ይራቅ፤ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ25ኛው ምዕራፍ የተነገረው ናባል፣ እንደ ንጉሥ ደግሶ እጅግ ከሰከረ በኋላ በማግስቱ ክፉ ነገር ሰምቶ እንደ ድንጋይ ደርቆ መቅረቱንና ከ10 ቀን ያህል በኋላ መሞቱን ያነበቡ አንዳንድ ሐኪሞች፣ ነገሩን ስትሮክ ብለው ተርጉመውታል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን ይቈጣጠር፤ ተቀምጦ የሚውልም በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብሎ ይራመድ።

ስትሮክ የሽማግሌ ደዌ ብቻ ነው ማለትም ስሕተት ነው። በልጅነት ደጋግሞ የመጣ፣ በወጉም ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብን ክዳኖች ሊያበላሽ ይችላል፤ የተበላሸው ልብ ምቱ ሲዘበራረቅ በውስጡ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ስለዚህ በአገራችን በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው ጎናቸው የሚዝል ወጣቶች ሲገኙ፣ ሥሩ ከዓመታት በፊት በጉሮሮ የጀመረ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ከማስቈረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደች እናት፣ ሳታውቀው የልጇን አንጎል ጠብቃለች።

በደዌው ተይዞ የተረፈ ሰው ደግሞ ያለቀለት ሰው አይደለም። አንጎል ከጉዳቱ በኋላ አዲስ መንገድ የመልመድ ኃይል አለውና፣ እጁን በየዕለቱ በትዕግሥት ማለማመድ፣ ቃል ሲጠፋው ሳያቋርጡ መጠበቅ፣ እንደ ሕፃንም ሳያዩ ማነጋገር የቤተ ሰቡ ሥራ ነው፤ ቃሉ ታሰረ እንጂ ልቡናው ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ካነበብክ በኋላ አንድ ነገር ብቻ እንለምንሃለን፤ እጅህ እየታዘዘልህ፣ ልሳንህም እየተናገረልህ ሳለ፣ በዚህ ሳምንት በቅርብህ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደህ ክንድህን ለግፊት መለኪያው ዘርጋ፤ ስትሄድም ከ40 ዓመት ያለፈ ወላጅህን ወይም ጎረቤትህን ይዘህ ሂድ። ልኬቱ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።